ቅንነትን ላስተምር በተዘጋጀሁበት ሳምንት

ሰኞ

እማዬ መረቀችኝ። «መልእክትሽን ሰምታለች፤ እጇን ዘርግታ መርቃሻለች» ብሎ ማቴዎስ ጻፈልኝ። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ዱራሜ ከእሷ ጋር የሚኖረው እሱ ነው። ድሮ ድምጿን ቀድቶ ይልክልኝ ነበር። አሁን «ጉሮሮዋን አሟታል» እያለ ራሱ ይጽፍልኛል። የእማዬ ጉሮሮ ደግሞ ከመቼ ወዲህ? ደጅ ቆማ አንዴ ከተጣራች ሰፈሩ ሁሉ አቤት የሚልላት ሴት ናት። ለማንኛውም ምርቃት ነውና አሜን ብያለሁ።

የሳምንቱ ጣጣዎች፦
የእህቶች ጥናት፣ ቅዳሜ ከሰዓት። አስተማሪዋ እኔ ነኝ። ርዕሱ ቅንነት። (ፓስተር ኤርሚያስ ይህን ርዕስ የሰጠኝ ሆን ብሎ ይሆን? ባለፈው ስብከትህ ረዘመ ብዬው ነበር።)
የሻወሩ ቧንቧ አሁንም ይንጠባጠባል። እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ቤሪያ ሰፈር ውስጥ ቧንቧ ሠሪ ከማግኘት ሚኒስትር ማግኘት ይቀላል።
ለእማዬ ሻርፕ። ዓርብ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አለ።
ለአስቴር መደወል።

ሻርፑ ተገዝቷል። ሙሉ ናት የመረጠችው። ሙሉ ጓደኛዬ ናት፤ ቤሪያ አንድ ፍላት ውስጥ አብረን እንኖራለን፣ ፎርድስበርግ ያለችውን የመጋረጃ ሱቃችንንም አብረን እንሠራለን። ቀን ከሌት ከእኔ የማትለይ ሰው ናት ማለት ይቻላል። ሻርፑን ያየነው ከጎናችን ካለው ፓኪስታናዊ ሱቅ ነው። በእኛ ሙያ ጨርቅ በመብራት አይገዛም። በመብራት ቡኒ ነው ያልሽው ደጅ ሲወጣ ሐምራዊ ሆኖ ያሾፍብሻል። ስለዚህ ሙሉ አረንጓዴውን ይዛ በሩ ላይ ወጣች፣ ፀሐይ ላይ ዘረጋችው፣ ገለበጠችው፣ ክሩን ሳብ አድርጋ አየችው። «ይሄ ያምርባታል፤ ጠይም አይደለች?» አለችኝ። ከዚያ እኔ ካልከፈልኩ ብላ ሙጭጭ አለች። ሙሉና ለጋስነት! በጣም ቀለድኩባት። እሷ ግን አልሳቀችም። ደክሟት ይሆናል።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ደንበኛ በጠፋ ቁጥር ስልኬ ላይ የጥናቱን ቃል ስቆፍር ዋልኩ። ሙሉ «አንቺ ሴትዮ ሱቁን ሴሚናሪ አደረግሽው» አለችኝ።

እስካሁን ያገኘሁት ይሄ ነው። በአዲስ ኪዳን ውስጥ ጥቂት ቦታ «ቅንነት» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል «ኤይሊክሪኔያ» ይባላል። አንዳንድ ሊቃውንት ሁለት ቃላት ተጋጥመው የወለዱት ነው ይላሉ፤ አንዱ የፀሐይ ሙቀትና ብርሃን፣ ሌላው መመርመር፣ መፍረድ። በፀሐይ ታይቶ የተመሰከረለት እንደ ማለት። ሌሎቹ ደግሞ አይደለም፣ ከማንጠርጠር ከማበጠር የመጣ ነው ይላሉ። አልተስማሙም። እኔ ግን የጨርቅ ነጋዴ ነኝና የፀሐዩን መርጫለሁ። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ እርሾና ስለ ቂጣ ሲጽፍ ይህችን ቃል ከእውነት ጋር አጣምሮ ያስቀምጣታል። በሁለተኛው መልእክት ደግሞ ቃሉን ቀላቅለው የሚሸቃቅጡትን ይነካል። ይሄ ለእኛ ለነጋዴዎች የተጻፈ ነው፣ እዚህ ላይ ኅብረቱን አስቃቸዋለሁ።

ፓስተር ኤርሚያስ ሁልጊዜ የሚነግረን የሸክላና የሰም ታሪክ፣ ስንጥቁን በሰም ደፍኖ የሚሸጠው ሸክላ ሠሪና ወደ ፀሐይ አንስታ የምታየው ገዢ፣ ለካ የግሪኩ ቃል ሳይሆን የላቲን ነው፤ እሱንም ተረት ነው ይላሉ። ለፓስተሩ ልንገረው ወይስ ልተወው? እነግረዋለሁ።

ከሰዓት ትንሽ ድል! የመኝታ ቤት መጋረጃ ልታሰፋ የመጣች አንዲት አሮጊት ስሟን ስጠይቃት ግሪክ ሆነች። ልጅ ሆና ነው ጆሃንስበርግ የመጣችው። ቃሉን ከስልኬ ላይ አሳየኋት። ሳቀች። «ይሄንማ በየቀኑ ነው የምንለው። ‹በእውነት ልንገርሽ› ስንል። ሰው በሱ ሲጀምር እኔ ቦርሳዬን ጠበቅ አደርጋለሁ» አለችኝ። ወድጃታለሁ። ጥናቱን በእሷ ነው የምጀምረው። መዝጊያው ደግሞ የእኛው ተረት ነው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ጳውሎስ ራሱ ከምባታ ቢወለድ ኖሮ እንዲህ ይል ነበር።

አስቴር ቀድማኝ ደወለች። ታናሽ እህቴ ናት፤ ፖሎክዋኔ የምትባል ሌላ ከተማ ከባሏ ከደረጀ ጋር ስፓዛ፣ ያው የሰፈር ሱቅ፣ አላቸው። ሁለት ጊዜ ጨንግፎባት አሁን ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነው የምንጠብቀው። «ታዴ፣ የእማዬን ድምፅ ከሰማሁ ቆየሁ። ደረጀ ደግሞ ፌስቡኩን ከስልኬ ላይ አጠፋው፣ ቫይረስ ገብቶበታል ብሎ። አንቺ አግኝተሻታል?» አለችኝ። «ትናንት ነው የመረቀችኝ» አልኳት። «እንግዲያው ደህና ናት። አንቺ አትዋሺኝም» አለች፣ ድምጿ ሲለቀቅ ተሰማኝ።

ራት ላይ ሙሉ ብዪ ብዪ ብላ አስጨነቀችኝ። በገዛ እጇ አጎረሰችኝ። ስልኬንም ቻርጅ ላድርግልሽ ብላ ወደ ክፍሏ ወሰደችው። ዛሬ ምን ነክቷታል?

ረቡዕ

ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ሙሉ ከፈተች። ለባብሳ ነበር። ጫማ ሳይቀር።

ፓስተር ኤርሚያስ፣ እትዬ ወርቄ፣ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች። አራት ሰው፣ በዚህ ሰዓት፣ ነጠላ ዘቅዝቆ። ምን ይነገረኛል? አገሬ የተወለደ ሰው ይህን ለማወቅ ቃል አያስፈልገውም። በፒጃማ ቆሜ «ማን ነው? ማንን ነው?» አልኩ። ደጋግሜ አልኩ መሰለኝ። እትዬ ወርቄ መጥተው ያዙኝ። አይቮሪ ፓርክ ሰፈር ሱቅ ያላቸው ትልቅ ሴት ናቸው፣ የእህቶች ኅብረት ታላቃችን፤ ክንዳቸው ጠንካራ ነው። ፓስተሩ «እናትሽ ወደ ጌታ ተሰብስበዋል» አለ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አላስታውስም። ወለሉ ቀዝቃዛ ነበር። አንድ ሰው ውሃ ፊቴ ላይ ረጨ። ጎረቤቶቹ፣ ዚምባብዌዎቹ፣ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ሽማግሌዎቹ መዝሙር ጀመሩ፣ ዝም በሉ ብዬ ጮኽኩባቸው፣ ዝም አሉ፣ ከዚያ ዘምሩ አልኳቸው።

እማዬ። እማዬ። እማዬ። ይሄንን ስጽፍ እጄ ሌላ ቃል አይታዘዘኝም።

ከሰዓት። ቤቱ ሞልቷል። ወንበር ከየት እንደመጣ አላውቅም። ልቤ ትንሽ ሲመለስ ፓስተሩን «ቀብሩ መቼ ነው? በስልክም ቢሆን ልስማው፤ ማቴዎስ ስልኩን ይያዝልኝ» አልኩት። እትዬ ወርቄን አየኋቸው፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሙሉ ተነስታ ወደ ማድ ቤት ሄደች።

«ቀብሩ ተፈጽሟል፣ ታዴ» አለኝ ፓስተሩ።

«መቼ?»

ማንም አልመለሰልኝም። ክፍሉ ሙሉ ሰው ነበር፣ አንድም ሰው አልመለሰልኝም።

ሐሙስ

ሦስት ሳምንት።

እውነቱን ያወጣሁት ከሙሉ ነው። ማድ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁትና ካልነገርሽኝ አትወጪም አልኳት። ሦስት ሳምንት ሆኗታል። እማዬ ከተቀበረች። ማቴዎስ ለፓስተሩ ደወለ፣ ፓስተሩ ለሽማግሌዎቹና ለሙሉ ነገረ፣ ኅብረቱ ሁሉ አወቀ። ትናንት የመጡት አንዱ የአጎቴ ልጅ ፌስቡክ ላይ የቀብሩን ፎቶ ስለለጠፈ ነው። ከስልክ ላይ ከማየቷ በፊት ተብሎ። ለዚህ ነው ስልኬ ቻርጅ የተደረገልኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ይሄንን ነው። ከስንቱ ጋር ሰላም ተባብያለሁ በነዚህ ሳምንታት! ሁሉም ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አቅፈው የሳሙኝ ያውቃሉ። አጥብቀው ሲያቅፉኝ ፍቅር መስሎኝ ነበር።

መርዶ ምን እንደሆነ የማላውቅ አይደለሁም። አገሬ ነው፣ ባህሌ ነው። ለሰው እንዲህ ሲደረግ አይቻለሁ፣ ጎበዝ ብያለሁ። ግን ሰው ሲደረግበት ሌላ ነው።

እስቲ ልዘርዝረው፣ ካልዘረዘርኩት ጭንቅላቴ ይፈነዳል። «የእማዬ ልደት ቢታወቅ ኬክ እልክላት ነበር» ብዬ ስቄያለሁ፣ ሙሉም ከእኔ ጋር ስቃለች፤ እማዬ አፈር ውስጥ ነበረች። በየማታው ጸሎት ላይ ዕድሜዋን አርዝምልኝ ብያለሁ፣ ሙሉ ከጎኔ ተንበርክካ አሜን ብላለች። በእግዚአብሔር ፊት! አሜን! የሞተች ሴት ዕድሜ ይርዘም ስል አሜን! ሰኞ ዕለት ያን ሻርፕ አውጥታ ፀሐይ ላይ ዘርግታ፣ ያምርባታል አለችኝ። የጨርቁን ቀለም እንዳልታለል ተጠነቀቀችልኝ።

ምርቃቱስ? «እጇን ዘርግታ መርቃሻለች።» የቱን እጅ ነው የዘረጋችው?

ከሁሉ የከፋው ግን እሱ አይደለም። ማክሰኞ ዕለት አስቴር ስትጠይቀኝ መረቀችኝ አልኳት። ደህና ናት ብላ ተነፈሰች። ሳላውቅ ለእህቴ ውሸት እንድሸጥላት አደረጉኝ። ጥሩ ዕቃ ነው ብዬ በሙሉ ልብ ሸጥኩላት።

ሙሉ እንጀራ ይዛልኝ መጣች። አልበላሁም። ሻይ ይዛልኝ መጣች። ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ዓርብ

ማቴዎስን አገኘሁት። መጀመሪያ አለቀስን። ከዚያ ተጣላን።

ለምን ደበቅከኝ አልኩት። ስለ አስቴር ነው አለኝ። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካት ብሏል፣ ሁለቱን ያጣችው እንዴት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ አለኝ። አስቴርን መደበቅና እኔን መደበቅ ምን አገናኘው አልኩት። «አንቺ አፍሽ አይችልም፣ ታዴ። ብታውቂ በማግስቱ እሷም ታውቅ ነበር» አለኝ።

አፌ አይችልም! ሰባት ዓመት በዚህ አገር ስኖር የስንቱን ገመና ሆዴ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ግን ስለተናደድኩ እንጂ ሐሰት አይደለም። እኔ የተጠየቅሁትን እመልሳለሁ። ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበርኩ፤ እማዬ «ይቺ ልጅ ሆዷ በር የለውም» ትል ነበር።

«የምርቃቱን ቃል ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ሁልጊዜ የምትለውን ነው የጻፍኩት» አለኝ። «ምን ብዬ ልጻፍልሽ? አንቺ ድምፅሽን ትልኪያለሽ፣ እማዬ እማዬ እያልሽ። የማሰማት ሰው የለኝም። ለብቻዬ እሰማዋለሁ። ከዚያ ምን ብዬ ልጻፍ?» ታላቅ ወንድሜ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ላጽናናው ፈለግሁ፣ አላጽናናሁትም። ተናድጄበታለሁ። አሁንም ተናድጄበታለሁ።

በመጨረሻ የሚፈልገውን ተናገረ። አስቴር እስክትገላገል እኔም እንድደብቅ። «ከደወለች ደህና ናት በያት። አደራ» አለኝ። አደራ የሚለውን ቃል ነው የተጠቀመው።

ከሰዓት አስቴር ሦስት ጊዜ ደወለች። አላነሳሁም። በሕይወቴ የእሷን ስልክ አይቼ ሳላነሳ ስቀር የመጀመሪያዬ ነው። ስልኩ ትራሱ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ እኔ አየዋለሁ። ሙሉ በር ላይ ቆማ እኔን ታያለች።

ያ ወደ አገር ቤት የሚሄደው ሰውዬ በረረ። ሻርፑ እዚህ ቀረ።

ቅዳሜ

ፓስተር ኤርሚያስ ጥናቱ ይቅር፣ ለቅሶ ቤት ነው አለ። ተራው የእኔ ነው አልኩት። እትዬ ወርቄ «ተዋት» አሉት።

እህቶች ሁሉ መጡ። ፍራሽ ላይ፣ ወንበር ላይ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ጥቁር ለብሼ ከመካከላቸው ቁጭ አልኩና አስተማርኩ። የግሪኳን አሮጊት ነገርኳቸው፤ ማንም አልሳቀም። ቃሉን ነገርኳቸው፤ በፀሐይ መታየት፣ ደጅ ወጥቶ መመርመር። የእርሾውን ክፍል አነበብኩላቸው። ድምፄ ደህና ነበር፤ ራሴም ገርሞኝ ነበር። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሱን ዘጋሁትና «እሺ፣ አሁን ጥያቄ አለኝ። እያንዳንድሽ እናቴ እንደሞተች ያወቅሽው መቼ ነው?» አልኩ።

ታች መንገዱ ላይ የታክሲ ጥሩምባ ይሰማል። አንዷ ማልቀስ ጀመረች። አንዷ «ለአንቺው ብለን ነው» አለች። «ለእኔ ከሆነ እኔን አትጠይቁኝም ነበር?» አልኳት። መጥፎ ሰው ሆኜ ነበር። ስለ ሆንኩም ደስ ብሎኝ ነበር፤ እዚህ ላይ ለራሴ አልዋሽም።

ያን ጊዜ እትዬ ወርቄ ተናገሩ። እሳቸው ብዙ አይናገሩም።

«እኔ ባሌ ሲሞት በስልክ ነው የተነገረኝ» አሉ። «ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። አንድ የሰፈራችን ልጅ ደወለና ‹እትዬ፣ ጋሼ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል› አለኝ። እውነቱን ነው የነገረኝ። ቅን ልጅ ነው። ደንበኛ ዳቦ ይዞ መልስ ይጠብቀኛል። እዚያው ወደቅሁ። ስነቃ አንድ የማላውቀው የዙሉ ልጅ እጄን ይዞ ‹ማማ፣ ማማ› ይለኛል። የኔ ሰው አንድም የለም። እስከ ዛሬ ያን ቀን ሳስብ ባሌን ሳይሆን ያን ወለል ነው የማስታውሰው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ስትወድቂ ግን በእኔ ክንድ ላይ ነው የወደቅሽው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ልቤ ግን አልበረደም። «መያዝዎ ጥሩ ነው» አልኳቸው፤ «ግን ለመያዝ ሦስት ሳምንት አይፈጅም።»

«አይፈጅም» አሉ። «እሱ በዝቷል። እሱን አጥፍተናል።»

ይቅርታ አላሉኝም። ግን አጥፍተናል አሉ። ፓስተሩ ካለው ሁሉ ይሄ ይበልጥ ገባኝ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ሙሉ ዕቃ ስታጥብ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «ሻርፑን ስንገዛ ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር» አለችኝ። «ፊትሽ ደስ ብሎት ነበር። እስከ ነገ ይሁን አልኩ። በየቀኑ እስከ ነገ ይሁን እላለሁ። አንቺን እያየሁ ራት አልወርድ ይለኝ ነበር፣ ታዴ።»

«አሜን ስትዪስ?» አልኳት።

ውሃውን ዘጋችው። «እሱን አትጠይቂኝ» አለች።

እሁድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። መርፌና ክር ይዤ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። አልሰፋሁም።

አንድ ነገር ሳስብ ዋልኩ። እኔ እንዲህ ስለ ፀሐይ የምሰብከው ሴት መተዳደሪያዬ መጋረጃ ነው። ሰው ወደ እኔ ሱቅ የሚመጣው ፀሐይን ሽሽት ነው። ደንበኛ ሲመጣ እኔው ራሴ ምን እላለሁ? «ይቺ ፀሐይ ሶፋሽን ትበላዋለች፣ ወፈር ያለውን ውሰጂ።» ብርሃን ይመረምራል፤ ያነጣል፣ ያደርቃል፣ ያሳሳልም። ሁለቱንም አውቃለሁ፣ ከእጄ የሚወጣ ሥራ ነው። ጥናቱ ላይ ግን አንዱን ብቻ ነው የተናገርኩት። ሁለተኛውን ለመናገር ቁጣዬ አልፈቀደልኝም።

ግን ደግሞ መጋረጃ የሚሰቅለው የቤቱ ባለቤት ነው። ጎረቤት መጥቶ የሰው መስኮት አይሸፍንም። የተናደድኩት በዚህ ነው፤ አሁን ነው የገባኝ።

ደረጀ ደወለ። የአስቴር ባል ጥሩ ሰው ነው። «እባክሽ እህቴ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ለምን አታነሳልኝም እያለች አትበላም። አንድ ጊዜ ደህና ናት በያትና ትረጋጋ» አለኝ። እንዲህ ከምል ነፍሴ ትውጣ አልኩት። «ታዲያ ልትገድያት ነው?» አለኝ። ዘጋሁበት።

ብነግራትና አንድ ነገር ብትሆንስ? ሕፃኑ አንድ ነገር ቢሆንስ? ቅንነቴን ይዤ ወዴት እገባለሁ? ብዋሻትና ከወለደች በኋላ ብታውቅስ? ያን ጊዜ እኔን እንዴት እንደምታየኝ አውቀዋለሁ። ሙሉን እንደማያት ነው። እማዬን አጥቻለሁ፤ አስቴርን ደግሞ እንዲህ ማጣት አልችልም።

ከሰዓት ወደ እትዬ ወርቄ ደወልኩ። ከዚያ ሁሉ ንግግሬ በኋላ ማፈር ነበረብኝ፣ አላፈርኩም። አስቴር ብትጠይቀኝ ምን ልበላት አልኳቸው። «መርዶ በስልክ አይሄድም» አሉ። «በእግር ነው የሚሄድ።»

«ሐኪሙ ግን ድንጋጤ አይንካት ብሏል።»

«ሦስት ቀን ስልክ ያልተነሳላት ሴት አሁን ያልደነገጠች መሰለሽ? ጨለማ ውስጥ ብቻዋን እየደነገጠች ናት። ለባሏ ንገሪው፣ ነርሷን ይጠይቅ፣ ክሊኒኩ ይወቅ። ከዚያ እንሄዳለን። ሱቁን ለልጄ እተዋለሁ።»

ደረጀን መልሼ ደወልኩለት። ተጯጯህን። በመጨረሻ «ጎረቤታችን ነርስ ናት፣ ላነጋግራት» አለ።

ሰኞ

ነርሷ ለደረጀ የነገረችው፦ የደም ግፊቷ ደህና ነው፤ አለመብላቷ ነው የሚያሳስበኝ፤ ከነገራችኋት ሰው ይኑር፣ እኔም ከፈረቃ ስመለስ ቤት ነኝ። ይሄ ነው ያገኘነው። ምንም ዋስትና የለበትም። ማቴዎስ «አንቺው ታውቂያለሽ» ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ «በእኔም ስም ያዢያት» አለኝ።

ነገ እንሄዳለን። እትዬ ወርቄ ማለዳ ታክሲ ተራ ያገኙኛል።

ሱቅ አልከፈትንም። ቀን ላይ ልብሴን ስከት ሙሉም ቦርሳዋን አውጥታ የራሷን ስትከት አየኋት። እንድትመጣ አልጠየቅኋትም። አትምጪ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ሙሉ አስቴርን ዳቦ እያጎረሰች እንዳሳደገቻት ትዝ አለኝ፤ ሦስታችንም የአንድ መንደር ልጆች ነን። ልብሴን መክተቴን ቀጠልኩ። ይቅር አላልኳትም። ይሄን ጽፌ ላስቀምጠው፣ ነገ ረሳሁት እንዳልል፤ ይቅር አላልኳትም። ግን አንድ ሰው ከወደቀ የሚይዝ እጅ በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው።

ከሰዓት በኋላ አስቴር ደወለች። አነሳሁት።

«ታዴ! ምን ሆነሽ ነው? ለምን አታነሺልኝም?»

«አልተመቸኝም ነበር።» ይሄ እውነት ነው።

«ታዴ፣ እማዬ እንዴት ናት?»

ሙሉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ወለሉን ታያለች።

«ደረጀ አጠገብሽ አለ?» አልኳት።

«አለ። እዚሁ ነው። ምነው?»

«ቁጭ በይ እስቲ። ነገ ወደ አንቺ እመጣለሁ።»

ትንፋሿን እሰማዋለሁ። ከኋላዋ የስፓዛው ፍሪጅ ያጉረመርማል፣ አንድ ደንበኛ በዙሉ ሰላም ይላል፣ የሚመልስለት የለም።

«ለብቻሽ ነው የምትመጪው?» አለችኝ።

ይሄንን ነው የፈራሁት። በእኛ አገር ይህን የሚጠይቅ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ደህና ናት ብዬ መመለስ እችል ነበር። አዎ ለብቻዬ ነው ብዬም መመለስ እችል ነበር።

«አይደለም» አልኳት። «ከሰው ጋር ነው።»

ወንበር ሲጎተት ተሰማኝ። ደረጀ ስሟን ይጠራል፣ «እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ» ይላታል። ስልኩን አልዘጋችውም። ለቅሶዋ መጀመሪያ ዝቅ ያለ ነበር፣ ከዚያ ከፍ አለ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፣ ሙሉም አለቀሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ማንንም ሳይደብቅ አለቀስን። ሆድሽን ያዢ፣ ውሃ ጠጪ፣ ደረጀ ውሃ ስጣት እያልኩ እጮኻለሁ፤ የሚሰማኝ ይኑር አይኑር አላውቅም።

ቆይታ ወደ ስልኩ ተመለሰች። ድምጿ ተሰባብሯል።

«በጨለማ እንዳትነሱ» አለችኝ። «መንገዱ ጥሩ አይደለም።»

እሺ አልኳት።